እጅሽን ራስሽ ላይ ስታደርጊ

ይድረስ ለምራቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናት አባትሽስ፣ ያቺ ለግላጋ እህትሽስ ደኅና ናቸው? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? የእናንተ ባሕር በክረምት ዳር ዳሩን በረዶ ይሠራል ብለሽ ስትነግሪኝ ያሾፍሽብኝ መስሎኝ ነበር። እኔ እመብርሃን ትመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ ነፋስ ለይቶ ማወቅ ጀምሯል፤ የምሥራቁ ሌቫንቴ ሲነሳ ይጠዘጥዘኛል፣ የምዕራቡ ፖኒየንቴ ሲመጣ ይተወኛል። ጥርሴ፣ ዓይኔና ምላሴ ደኅና ናቸው። በተለይ ምላሴ።

አዎ፣ ምራቴ ብያለሁ። ለሌላ ሰው የተላከ መስሎሽ ፖስታውን እያገላበጥሽ አትዪው። በሰው ፊት «ያቺ ፖላንዳዊት» ስልሽ የኖርኩ ሴትዮ ዛሬ ምን ነካት ትዪ ይሆናል። የነካኝን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። በስልክ እንዳላገኝሽ ቁጥርሽን ቀይረሻል። አድራሻሽን የሰጠኝ አለቃሽ የነበረው አቤላርዶ ነው፤ እሱን እንዳትቆጪው። ካይት፣ ያን ነፋስ ይዞ ባሕር ላይ የሚጎትታችሁን ጨርቅ፣ ማስተማሪያው ጎጆ ድረስ ሄጄ በር ላይ ተቀምጬ «ሳትሰጠኝ አልነሳም» አልኩት። ተማሪዎቹ እየተሻገሩኝ ሲገቡና ሲወጡ አፈረና ሰጠኝ።

ስለ ቼማ አዲስ ነገር ይኖራል ብለሽ ልብሽ እንዳይሰቀል። ከባሕሩ ማዶ የታንጀር መርከብ በደረሰ ቁጥር ወደብ እወርዳለሁ። ከማዶ የመጣውን ሁሉ ልጄን ያየ፣ ልብሱን ያገኘ፣ የሚንሸራተትበትን ሳንቃ ያነሳ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። «እትዬ፣ ምንም የለም» ይሉኛል። ትናንትም ይህንኑ አሉኝ።

የሙታን ቀን አለፈ። ሰው ሁሉ አበባውን ይዞ ወደ መቃብር ሲወጣ እኔ አበባዬን ይዤ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። ያቺ ጎረቤቴ ፓካ በመስኮቷ አንገቷን አስግጋ «ባዶ ሣጥንም ቢሆን ቅበሪና መቀመጫ ይኑርሽ» አለችኝ። «ባዶ ሣጥን የሚቀበረው ለባዶ ሰው ነው» አልኳትና መስኮቴን ዘጋሁባት። ቄሱም መጥተው አስከሬን ባይኖርም ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል ብለው መከሩኝ። እምቢ አልኩ። እርሜን አላወጣሁም። ያላወጣሁበት ምክንያት ግን እሱ ይመለሳል ብዬ አይደለም። እናት ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። እርም ብቻውን አይወጣም፤ አብሮ የሚያወጣ ሰው ይፈልጋል፤ የእኔዋ ሰው ደግሞ ሳትሰናበተኝ ሄዳለች።

መጀመሪያ ቤቴ የገባሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ቼማ ጸጉሩን አበጥሮ (ያን ጸጉር! ጨው በልቶት እንደ ሣር የቆመውን) «እማ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ» ብሎ ይዞሽ ገባ። አንቺ በጠርሙስ የታሸገ ዓሣ ይዘሽ መጣሽ። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ቆማ የዓሣ ቆዳ ስትገፍፍ ለኖረች ሴት፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ! ፓካ ሰምታ «ለወፍጮ ቤት ዱቄት ይዛ የመጣች» እያለች ሳምንት ሙሉ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይኛው ጫፍ ሰቀልኩትና ዳግመኛ አልነካሁትም።

ከዚያ በኋላ ልጄን ወሰደችብኝ ብዬ አማሁሽ። በዚያች አሮጌ መኪና ውስጥ እየተኛችሁ፣ እየቀቀላችሁ፣ እየታጠባችሁ፣ ነፋስ በሄደበት ስትሄዱ ከረማችሁ። ሥራ ተከትሎ አገር የሚያቋርጥ ሰው አውቃለሁ፤ የቼማ አባትም የዓሣውን መንጋ ተከትሎ ኖሮ ነው ያለፈው። ነፋስ የሚከተል ግን ከእናንተ በፊት አላየሁም። በበጋ ወደ እናንተ አገር፣ ከዚያ ዴንማርክ፣ መኸር ላይ ፖርቱጋል፣ ክረምት ሲገባ ወደ እኔ። አንድ ጊዜ ከዴንማርክ ደውሎ «እማ፣ የዚህ አገር ነፋስ ጨዋ ነው፤ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው» አለኝ። «እንግዲያው እዚያው ከጨዋው ጋር ኑር» አልኩና ስልኩን ዘጋሁበት። ዘግቼ ደግሞ መልሶ እስኪደውል አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ደወለ። ሁልጊዜ ይደውል ነበር።

ያን የእሑድ ምሳ ደግሞ እንዳትረሺው። የፓካ የልጅ ልጅ ክርስትና የተነሳ ሰሞን። መሄድ አልፈለግሁም፣ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በማግሥቱ ፓካ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እናንተ ጠረጴዛው ላይ ሽምብራ ሾርባችሁን ትጠጡ ነበር። እኔም ጀመርኩላት። የታችኛው መንጋጋ፣ በግራ በኩል፣ ከኋላ። ሐኪሙ ከካዲዝ የመጣ፣ ሸውራራ ረዳት ያለችው፣ የረዳቲቱ እናት የወይራ ነጋዴ የሆነች። ጫማው ቡናማ፣ ሲራመድ የሚጮህ። ፓካ አዝና ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ቼማ ማንኪያውን ጥሎ በሳቅ ፈረሰ። «አየሽ?» አለሽ። «እናቴ እውነት ስትናገር ‹አመመኝ› ብቻ ነው የምትለው። ስትዋሽ ግን የሐኪሙን ጫማ ቀለም ሳይቀር ትነግርሻለች!» አንቺም ሳቅሽ። በቤቴ ውስጥ ስትስቂ ያን ቀን የመጀመሪያሽ ነበር። ሳቅሽ ከመልክሽ ጋር አይሄድም፣ እንደ ጎረምሳ ነው የምትስቂው። ተናድጄ ሁለታችሁንም በፎጣ ገረፍኳችሁ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ አልነገርኩሽም፤ ያኔ ብዙ ነገር አልነገርኩሽም።

ባሕር ዳር ይዘሽኝ የሄድሽውንም ቀን አልረሳሁም። «እማማ፣ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተሽ እይው፣ ሲበር አይተሽው አታውቂም» ብለሽ ወተወትሽኝ። መጣሁ፣ በአሸዋው ላይ ወንበር ተደረገልኝ። ሰማዩ በጨርቅ ተሞልቷል። ስለ ጨርቁ የነገራችሁኝን ሁሉ አላመንኩም ነበር፤ ሰው በገመድ ታስሮ ከውሃ ላይ ተነስቶ ቤት የሚያህል ከፍታ ሄዶ ሲመለስ ሳይ አማተብኩ። ከዚያ ቼማ ወደ ዳር ቀረብ አለና አንድ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እኔ እጅ በራስ ላይ የሚጫነው ሲለቀስ መሆኑን ነው የማውቀው። እኛ ሴቶቹ ሬሣ ሲወጣ እንዲያ ነው የምናደርገው። «ልጄን!» ብዬ ወንበሩን ገልብጬ ወደ ውሃው ሮጥኩ። አንቺ ወገቤን ይዘሽ «እማማ፣ ኧረ እማማ፣ እያለቀሰ አይደለም! ልወጣ ነው፣ ካይቱን ያዙልኝ ማለቱ ነው!» አልሽኝ። ሮጠሽ ሄደሽ ካይቱን በፊተኛው ጠርዙ ያዝሽና አስተኛሽው። እሱም መጥቶ በሁለት እጁ አሸዋ እየዛቀ በላዩ ከመረበት። «ይህ ምንድነው?» አልኩት። «አሸዋ ያለበት ካይት ካየሽ ባለቤቱ መሬት ላይ ነው ማለት ነው፤ አታልቅሺለት» አለኝና ግንባሬን ሳመኝ።

ከዚያን ቀን ወዲያ በሩቅ ቆሜ ስመለከት ሌላውን ሁሉ ትቼ አሸዋውን ነበር የማየው። አሸዋ ካለ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ቼማ ስለጠፋበት ቀን አንቺ አልነገርሽኝም። የነገረኝ አቤላርዶ ነው፤ ያውም ቆይቶ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ። ጠዋት ነፋሱ ለስላሳ ነበር፣ ቼማ በትልቁ ቢጫ ካይት ወጣ። ረፋዱ ላይ ሌቫንቴ ጉልበት ሲያገኝ ተመልሶ ቢጫውን አስተኛ፣ እንደ ልማዱ አሸዋ ከመረበት፣ ከጎጆው ትንሹን ጥቁር ካይት ተውሶ እንደገና ወጣ። ነፋስ ሲበረታ ጨርቅ ማሳነስ ወጉ ነው አሉኝ። ካይቱን ያነሳለት አንድ መንገደኛ ነበር፤ አነሳለትና መንገዱን ሄደ። አንቺ ከዳርቻው ጫፍ ጀማሪዎች ታስተምሪ ስለነበር ይህን አላየሽም።

ስትመለሽ የጎጆው ስልክ ጮኸ። የታንጀር መርከብ ካፒቴን ውሃ ላይ ጥቁር ጨርቅ አይቻለሁ ብሎ ኖሮ፣ የነፍስ አድን ሰዎች «የጎደለ ሰው አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ዘወር ብለሽ አየሽ። ቢጫው ካይት ተኝቷል፣ አሸዋው አለ። «የእኛ ሰው ሁሉ ገብቷል» አልሽ። የወጣችው ጀልባ ከመንገድ ተመለሰች። ነፋስ ባዶ ጨርቅ ቀምቶ መውሰዱ ብርቅ አይደለም፣ ማንም አልጠረጠረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጀንበር ስትጠልቅ የቼማ ጫማ መኪናችሁ ሥር እንደተቀመጠ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አቤላርዶ ይህን ሲነግረኝ ጠላሁሽ። ልለሰልስልሽ አልፈልግም። ጎህ ሲቀድ እየጠላሁሽ እነሳለሁ፣ ዓሣ እየገፈፍኩ እጠላሻለሁ፣ ማታ በስምሽ ሳልረግምሽ ለማደር እመብርሃንን እለምናለሁ። አንድ ቀን ግን ገበያ ውስጥ ሴቶች ስለዚያ ስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ «ምነው እንዲህ ያለ ቸልተኛ» አለች። ሳላስበው ዞሬ «አንቺስ ብትሆኚ? አሸዋውን እያየሽ ምን ትዪ ነበር?» ብዬ ጮህኩባት። ቲማቲሜን ሳልይዝ ቤቴ ገባሁ። እኔም ብሆን አሸዋውን አይቼ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው። ልጄ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ያን ቀን ጥላቻው ከላዬ ወረደ፣ ልብሽ እንዲያውቀው ያህል።

ቂሙ ግን አልወረደም። ለምን ሄድሽ? እነዚያን ቀናት ጀልባው እየፈለገ ሲመላለስ አንቺ እዚያ አለት ላይ ቆመሽ፣ እኔ እዚህ አለት ላይ ቆሜ፣ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ዓይኔን ከጀልባው አላነሳሁም። አንቺም ዓይንሽን ከአሸዋው አላነሳሽም። ከዚያ አንድ ጠዋት መኪናዋ የለችም። ከቼማ የቀረኝ እንደሆነ ያው ቢጫ ካይትና አንቺ ነበራችሁ። ካይቱ ቀረልኝ፤ ካይት ግን «ታስታውሳለህ?» ብትዪው አይመልስልሽም።

ካይቱ ክፍሉ ውስጥ አለ። ፓካ «ለበረንዳሽ ጥላ ይሆንሻል፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ ጨርቅ» ብትለኝ የያዝኩትን ድስት ልወረውርባት ነበር። አንድ እሑድ ጨው ይብላው አልልም ብዬ ዘርግቼ በንጹሕ ውሃ ሳጥበው ጠርዙ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር አየሁ። እናንተ የምትጽፉት፣ ካይቱ ባሕር ላይ ቢገኝ የሚደወልለት፣ የሚጠብቅ ሰው ቁጥር። ድሮ የእኔ ነበር። በወፍራም ቀለም ሰርዞት ከሥሩ ያንቺን ጽፏል። አቃጠለኝ። እውነቴን ነው፣ የሞተ ልጄ ላይ ቀናሁበት። መጥረጊያውን አንስቼ ግድግዳውን ደበደብኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳየው የእኔን ሲሰርዝ እጁ እንደከበደው አየሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሰመረበት፣ ከሥሩ ይነበባል። እኔን ጥሎ አይደለም። አንድ ወንድ የሚጠብቀውን ሰው ስም ሲቀይር ምን ማለት እንደሆነ አባቱም ሲያገባኝ አሳይቶኛል። ቤተ ክርስቲያን አልወሰደሽም፣ ቀለበት አላሠረልሽም፣ ግን በእሱ ቤት አግብቶሽ ነበር። ምራቴ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። እህትሽ ለአቤላርዶ ደውላ ነበር። አትቆጫት፣ ልጅቷ ጨንቋት ነው። በዚያ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ካይቱን አጣጥፎ በገባበት ወራት፣ ነፋሱ የበረታበትን ቀን መርጣ እህቴ ብቻዋን ባሕር ትወጣለች አለች። የሚያነሳላትም የሚይዝላትም ሰው ሳይኖር። «ተይ ብላት ‹ማንም እንዲጠብቀኝ አልፈልግም፣ እሱን የገደለው አፌ ነው› ትለኛለች» ብላ አልቅሳለች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ማጭዱን ራስሽ ሞርደሽ ይዘሻል። ምን እየፈለግሽ እንደምትወጪ አልጠፋኝም። ሞኝ አይደለሁም ብዬሻለሁ።

በማግሥቱ ባሕር ዳር ወረድኩና አቤላርዶን «ካይት መያዝ አስተምረኝ» አልኩት። «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ? ነፋሱ ይዞዎት ቢሄድስ?» አለኝ። «ሰባ ኪሎ ዓሣ ስሸከም አባትህ ገና ሱሪ አልታጠቀም፤ አስተምረኝ» አልኩት። አስተማረኝ። መጀመሪያ ቀን በአፍንጫዬ ተደፋሁ። አንዲት ጀርመናዊት ሳቀች፤ እኔም በሆዴ አንቺ ቆይ አልኩ። አሁን ግን እጁን ራሱ ላይ የጫነውን ሁሉ በሩቁ ለይቼ ሮጬ እይዝለታለሁ። ሮጬ ስልሽ፣ በእኔ ሩጫ ማለቴ ነው። ያቺ ጀርመናዊት ራሷ «እማማ፣ እኔን አስቀድሚ!» እያለች ትጮኻለች፤ እኔም አውቄ መጨረሻ አደርጋታለሁ። የመጨረሻው ሰው ገብቶ በካይቱ ላይ አሸዋ ሳይከምር ከዚያ አልነሳም። አሸዋውን አይቼ ብቻ ደግሞ አልሄድም። ባለቤቱን እጠራዋለሁ፣ ፊቱን አይቼ ነው የምሄደው።

እንግዲህ ብዕር ያነሳሁበትን ጉዳይ ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት ከማዶ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ከአሲላ በታች ካለች መንደር ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ሐማዲ ይባላል። ጀልባው አረንጓዴ ናት፣ ወገቧ ላይ ቀይ መስመር አላት፣ በልጁ ስም ዞህራ ብሏታል፤ ሞተሯ ሲነሳ እንደ አህያ ታናፋለች አለኝ። በላይኛው መንጋጋ በቀኝ በኩል የወርቅ ጥርስ አለው። ቼማ በሚቀመጥበት ወንበር ተቀምጦ ሽምብራ ሾርባዬን በላ፣ ካሮቱን እየለቀመ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ ካሮት አይስማማውም። የሚስቱ ወንድም ታንጀር ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውየው ያን ቀን ባሕር ላይ ነበር። ጥቁር ካይት የያዘ ልጅ አየሁ አለኝ። ነፋሱ በአንድ ጊዜ አንስቶ ወደ ላይ ወሰደው፣ መልሶ ውሃው ላይ ጣለው፣ እንደወደቀ አለቀ። ደርሶ በእጁ ያዘው፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ዓይኖቹን በመዳፉ ከደነለት፣ በእነሱ ጸሎት ጸለየለት፣ ከዚያ ማዕበሉ ከእጁ ወሰደበት። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። እጁን ራሱ ላይ አላደረገም። ማንንም አልጠራም፣ ማንንም አልጠበቀም።

ይህ የሆነው ገና ረፋዱ ላይ ነው። ሐማዲ እርግጠኛ ነው፣ ምሳውን ገና አልበላም ነበር፤ ምሳው ሰርዲን በዳቦ ነበር። መርከቡ ጨርቁን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ስልኩን ያነሳሽው ከዚያም እጅግ በኋላ። ጀልባዋ ከመንገድ ባትመለስ፣ እንደ ወፍ በርራ ብትደርስ እንኳ፣ የምታገኘው የለም። አፍሽ ማንንም አልገደለም፤ ማንንም አያድንም ነበር። ለምን እስካሁን አልመጣህም ብዬ ስጠይቀው፣ ሚስቱ አራስ ነበረች፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ራሱ ትልቅ ነው፣ አጎቱን ይመስላል አለኝ። መንደሩ ሲያነጥስ የምትሰማ ፓካ እንኳ ሰውየውን አላየችውም፤ ያን ቀን ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ነበር።

ይኸው ነው። ይህን ስታነቢ ቼማ ትዝ ብሎሽ ብትስቂ አልቀየምሽም። ብታለቅሺም አልቀየምሽም። እኔ ግን እንዲህ ነው የሆነው እላለሁ፤ ለቄሱም፣ ለአቤላርዶም፣ ገበያ ላሉት ሴቶችም፣ እስክሞት ድረስ እንዲህ ነው የሆነው እላለሁ። አንቺም እንዲህ ነው የሆነው በይ።

ጠርሙስሽን ከመደርደሪያው አውርጄ ከፈትኩት። ሽታው ፓካን ከመስኮቷ አባረራት፤ ለዚህ ብቻ እንኳ እግዜር ይስጥሽ። ቀመስኩት። እንዲህ ያለ ነገር የሚበላ ሕዝብ በቀላሉ አይሞትም፤ አንቺም አትሞቺም። ለፋሲካ ነይ። ጸሎተ ፍትሐቱን ያን ጊዜ አስደርጋለሁ፤ አበባውን አብረን ውሃው ላይ እንጥላለን፣ እርማችንን አብረን እናወጣለን። ከዚያ ቢጫውን ካይት ይዘሽ መውጣት ካማረሽ ውጪ። እኔ አልከለክልሽም፤ እንደ እናት ሆኜ ዳር ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ካይቱ ላይ ከቁጥርሽ ሥር የእኔን መልሼ ጽፌዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን እለምንሻለሁ፣ እናቴ፣ የሚይዝልሽ ሰው በሌለበት አትውጪ። በእኔ ሞት። እጅሽን ራስሽ ላይ ስታደርጊ የሚያይሽ ሰው ይኑር።

እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ። ነፋሱ ይራራልሽ፣ ባሕሩ ይመልስሽ፣ እንቅልፍሽ ይባረክ። እናት አባትሽን እጅ ነስተሽ ሰላም በይልኝ፤ እህትሽን ስለደወለች ሳሚልኝ።

አማትሽ

ረስቼው፦ የሰውየው ጫማ ሰማያዊ ነበር፣ የግራው ማሰሪያ የለውም።